ጨው ተብሎ የተጻፈበት ጠርሙስ

የጧቱን ጸሎት አድርሼ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በወገቤ አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ ከመንገዱ እጥፋት ላይ ጎረቤቴን ባለ ሰዓቱን አገኘሁት። ባለ ሰዓቱ ያልነው የተበላሸ ሰዓት ስለሚጠግን ነው። ከሱቁ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ማጉያውን በአንድ ዐይኑ ላይ አጣብቆ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጥ ብሎን በወረንጦ ሲለቅም ይውላል፤ በሰፈራችን እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ቢኖር እርሱ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ግን ሱቁን አልከፈተም። ባንሶላ የተሸፈነ ካርቶን እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ይመጣል።

«እንዴት አደርህ?» አልሁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። የኔታ፣ ስፈልግ የነበረው እርስዎን ነው። ይህችን ዕቃ የልጄ ሰርግ እስኪያልፍ ድረስ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ያስቀምጡልኝ።»

«ምን ዕቃ ናት?»

«የሰርግ ዕቃ ናት።»

«የሰርግ ዕቃ ከሰርገኛው ቤት ይሸሻል እንዴ?»

«የገመና ጉዳይ ነው፤ የኔታ። ጎረቤት ካልሸፈነ ማን ይሸፍናል?»

ይህ ቃል ሰውን ያሸንፋል። የባልንጀራን ገመና መሸፈን የከበረ ምግባር መሆኑን ስናስተምር የኖርን ሰዎች ነንና፣ ሁለተኛ ሳልጠይቅ እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁት። ካርቶኑ ሲያዩት ከሚመስለው ይልቅ ይከብዳል፤ በውስጡም ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲነካካ ሰማሁ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ቅንድብ የለውም። ልጁን የሚድር አባት ጢሙን ይላጫል፤ ቅንድቡን የሚላጭ ግን አላየሁም።

«ፊትህን ምን አገኘው?»

«ትናንት ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ነደደ» አለኝ፤ ወደ መሬት እያየ። «እቴቴ ሐኪም ቤት ናት። እጇም ዐይኗም ታሽጓል።»

እቴቴ ታላቅ እኅቱ ናት። ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ ሴት ልጁንና በኮሌጅ ኬሚስትሪ የሚማረውን ወንድ ልጁን እንደ እናት ሆና ያሳደገች፣ ከቤቷ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሳይበላ የማይሄድባት ሴት ናት። «ዐይኗም» የሚለውን ስሰማ የያዝሁትን ካርቶን ረሳሁት።

በዚህ መካከል የወንድሙ ልጅ ከኋላው ስትሮጥ መጣች። በሐኪም ቤቱ መድኃኒት ክፍል የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፤ ነጭ ጋውኗን እንደ ለበሰች ነው። ካርቶኑን በእቅፌ ስታይ ሩጫዋን አቁማ በእርጋታ መራመድ ጀመረች፤ ድምፅዋም የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትፈራ ሴት ድምፅ ሆነ።

«የኔታ፣ እባክዎ ወደ ቤቶቹ አይሂዱ። ወደዚያ ጠፍ ቦታ ይምጡ። አሁን ጎንበስ ይበሉና ከፈረሰው የአጥር ግንብ ጥላ ሥር ቀስ አድርገው ያስቀምጡት። አይጎትቱት፤ አይጣሉት።»

«ምንድን ነው የያዝሁት፤ ልጄ?»

«እሳት ነው፤ የኔታ። ገና ያልነደደ እሳት።»

እንዴት እንዳስቀመጥሁት አላውቅም። እርስዋ ክንዴን ይዛ ከጠፍ ቦታው ማዶ ወስዳ ከድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ባለ ሰዓቱ ተከትሎን መጥቶ ቆመ። ካርቶኑን ከሩቅ እናየዋለን፤ አንሶላው በነፋስ ይርገበገባል።

«ጋሼ፣ ከቤት ነው የመጣሁት» አለችው። «ጓዳው ባሩድ ባሩድ እየሸተተ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ምን ይዘው እንደ ወጡ ገባኝ። ስለ ጓዳው በኋላ እንነጋገራለን። ሐኪሙ የላከኝ አንድ ነገር ጠይቄ እንድመለስ ነው። እቴቴን ያቃጠላት ምንድን ነው?»

«ተናግሬያለሁ። ዘይት ነው።»

«ሐኪሙ ዘይት ብቻ አይደለም ይላል። ከዐይኗ ሽፋን ሥር ነጭ ብናኝ አግኝቷል። በውሃ አጥቦላታል፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ምን እንደሚያደርግላት ለመወሰን የብናኙን ማንነት ማወቅ አለበት። ቀኝ ዐይኗ እጅግ ተጎድቷል። ግራው ገና ተስፋ አለው።»

«ዘይት ነው አልሁሽ።»

ይህን ሲናገር እኔ ፊቱን አየሁት። እኅቱን የማይወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ባልደነገጥሁ ነበር። ነገር ግን ትናንት ተሸክሞ ሐኪም ቤት የወሰዳት ራሱ ነው፤ ቅንድቡም የተቃጠለው እርስዋን ከእሳቱ ሲያወጣ ነው። ይህ ሰው የሚወዳትን እኅቱን ዐይን በአንዲት ቃል አስይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው። «ሐኪሙ ዳኛ አይደለም። የሚጠይቀው ማን አደረገው ብሎ ሳይሆን ምን ነበር ብሎ ነው።»

«ዛሬ ለሐኪም የተነገረ ነገ ለፖሊስ ይደርሳል። ልጄ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። እኅቱም ሙሽራ ናት። አንቺ የምትዪኝ፣ ለአንዲት ዐይን ብለህ ሁለት ልጅ ቅበር ነው።»

«እኔ አልልዎትም። እስኪ እቴቴን ራሷን ይጠይቋት።»

 በዚህ ጊዜ የባለ ሰዓቱ ወንድ ልጅ ከመንገዱ እጥፋት ብቅ አለ፤ እርሱም ሁለተኛውን ካርቶን አቅፏል። አባቱ እጁን እያወዛወዘ «ተመለስ» ሊለው ሲል የአጎቱ ልጅ ቀደመችና እንደኔው አስጎንብሳ፣ ከመጀመሪያው ካርቶን አርቃ አስቀመጠችው።

«ወንድሜ፣ በእቴቴ ዐይን ውስጥ የገባው ምንድን ነው?» አለችው።

አባቱን አየ። አባቱ ራሱን ነቀነቀበት። ልጁ ግን «አባባ፣ በቃኝ» አለና የብናኙን ስም ነገራት። እኔ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋልና፣ የማያውቀውም እንዳይሞክረው። እርስዋ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለሐኪሙ ደወለች፤ ስሙን ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረችው፤ የሚላትን እየሰማች «እሺ፣ እሺ» ስትል ቆየች። ከዚያም ሌላ ቁጥር ደወለችና ያለንበትን ቦታ አመለከተች።

«አሁን ደግሞ ለማን ነው?» አለ ባለ ሰዓቱ።

«ለእሳት አደጋ መከላከያ። መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ከዚህ አንነቃነቅም።»

ባለ ሰዓቱ ካለበት ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔም ልጁን ወደ እኔ ጠርቼ «ልጄ፣ አስረዳኝ። እቴቴ ያን ነገር እንዴት ነካችው?» አልሁት።

«ለእኅቴ ሰርግ ባለ ቀለም እሳት ልሠራላት ነበር፤ የኔታ። ሰማይ ላይ እንደሚታየው ዓይነት። ጓዳ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ ስሞክር ሰነበትሁ። ከዕቃዎቹ አንዱ ነጭ ዱቄት ነው፤ በባዶ የማር ጠርሙስ አደረግሁትና በላዩ ‹ጨው› ብዬ ጻፍሁበት።»

«ጨው ሳይሆን ጨው ለምን አልኸው?»

«ጨው ስለሆነ ነው። በእኛ ትምህርት አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የሚያስገኙት ሁሉ ጨው ይባላል። የምግቡ ጨው ከብዙዎቹ አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። አልዋሸሁም፤ የኔታ።»

«እሺ፤ ከዚያስ?»

«እቴቴ ጨው አልቆባት ኖሮ ጓዳ ስትፈልግ አገኘችውና ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። ትናንት መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ተቀጣጠለ። ትንሽ ነበር። እቴቴ የዘይት እሳት ሲነሣ ውሃ አትደፋበትም፤ ጨው በትኖ ማፈን ነው ልማዷ። እኔንም ልጅ ሳለሁ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው። ‹አትፍሩ፣ አትፍሩ› እያለች ከጠርሙሱ እፍኝ ሙሉ ዘገነችና...»

አልጨረሰውም፤ መጨረስም አላስፈለገውም። እኔ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ በልቤ አየሁት። ማፈኛ ብላ የበተነችው ለእሳቱ ቀለቡ ሆነ። እሳት ለማጥፋት የተዘረጋ እጅ እሳትን ሲያበላ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ባለ ሰዓቱ ግን ድንጋጤው ወደ ቍጣ ተለወጠ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው እንደዚህ ነው።

«ይህ አደጋ ነው» አለ። «አደጋ በሁሉ ቤት ይደርሳል። ሕግ ምን አገባው? ቤቴ የገዛ ቤቴ ነው፤ ግድግዳውን በእጄ ያቆምሁት። ልጄ በጓዳዬ ምን ከምን እንደሚቀላቅል መንግሥት ድስቴን እየከፈተ ሊያይ ነው? እኔም ሙያዬን ያገኘሁት የአባቴን ሰዓት በስርቆት ፈትቼ ነው። ያን ጊዜ ሕግ መጥቶ እጄን ቢይዘኝ ኖሮ፣ ዛሬ ባለ ሰዓቱ የሚባል ሰው ባልኖረ።»

የወንድሙ ልጅ ፈገግ አለች፤ ደስታ የሌለበት ፈገግታ ነው።

«ሰዓቱን በፈቱት ጊዜ ተሳሳቱ?»

«እንዴታ። መልሼ መግጠም አቃተኝ።»

«ሰዓቱ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ቆመ። እኔም ተገረፍሁ።»

«የእርስዎ ሥራ ሲበላሽ ይቆማል፤ ጋሼ። ይህ ግን ሲበላሽ ይጀምራል። ሕጉ የመጣው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው እንጂ የልጅን እጅ ለማሰር አይደለም።»

«እና ልጅ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?»

«አይቀመጥ። እኔን ይመልከቱኝ። ተምሬያለሁ፣ ፈቃድም አለኝ፤ ነገር ግን ከመድኃኒት ክፍሉ አንዲት ጠርሙስ ወደ ቤቴ ወስጄ ልቀምም አልችልም። የምንሠራበት ቦታ ከመኖሪያ የተለየ ነው፤ መርዝ የሆነው በቁልፍ ይቀመጣል፤ በየጠርሙሱ ላይ ስሙ ብቻ ሳይሆን የአደጋው ምልክትም ይለጠፋል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶ እጁን እንዲሰበስብ። ሕጉ ‹አትመርምር› አይልም። የት፣ ምን ያህል፣ ማን እያየህ ነው የሚለው። የሚነድና የሚፈነዳ ነገር ግን፣ ለሰርግም ይሁን ለጨዋታ፣ ያለ ፈቃድ በመኖሪያ ቤት መቀመም ክልክል ነው። ‹ትንሽ ነው› ብሎም ማምለጥ የለም። የእቴቴም እፍኝ ትንሽ ነበረች።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆይቶ «እትዬ፣ የኮሌጁ ላቦራቶሪ እኮ ሁልጊዜ ዝግ ነው» አለ። «ሲከፈትም መምህሩ ከሩቅ ያሳየናል እንጂ አያስነካንም። በዐይን ብቻ ምን እንማራለን?»

«ይህ እውነተኛ አቤቱታ ነው። አቤቱታህን ግን ወደ ኮሌጁ በር እንጂ ወደ እቴቴ ጓዳ ልትወስደው አይገባህም ነበር።»

«የማደርገውን አውቅ ነበር እኮ።»

ይህን ሲል እኔ መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ።

«ልጄ፣ አንተስ ታውቅ ነበር» አልሁት። «እስኪ ከእኛ ትምህርት ቤት አንዲት ቃል ላውስህ። እኛ ንባቡንም ዜማውንም ያልተማረውን ሰው ጨዋ እንለዋለን። ከግቢያችን ውጭ ግን ጨዋ ማለት የታረመ፣ ያደገ፣ የሰው ልጅ ማለት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለት ቤት ያድራል። እኔ በገበያ መካከል አንዱን ነጋዴ ‹አንተ ጨዋ› ብዬ ብጠራው ‹አመሰገኑኝ› ብሎ ይስቃል፤ የተማሪዬን ስም አንሥቼ እንደዚያ ብል ግን ይከፋዋል። የእኔ ቃል ቤቱን ቢስት ቢበዛ ሰው ያኮርፋል። የአንተ ቃል ግን ከክፍልህ ወጥቶ ወጥ ቤት ሲገባ የሰው ዐይን አቃጠለ። አንተ ‹ጨው› ያልኸው በኬሚስትሪ ቋንቋ ነው፤ እቴቴ ያነበበችው በድስት ቋንቋ ነው። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ጓዳ ማደር አልነበረባቸውም። ሕግ ለሊቁ የወጣ አይምሰልህ። ከሊቁ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ለሚያድረው ጨዋ የወጣ ነው።»

ልጁ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። አባቱ ግን ገና አልተሸነፈም።

«እሺ» አለ ባለ ሰዓቱ፤ «ጥፋት ነው እንበል። እነርሱ ሳይመጡ ቦዩ ውስጥ ደፍተነው ይለቅ።»

«ቦዩ የት ይወርዳል፤ ጋሼ?»

ቦዩ የሰፈሩ ልጆች የወረቀት ጀልባ በሚሰድዱበት ሜዳ በኩል እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲያስ የኔታ ዘንድ ይደር። ዕቃ ቤቱ ግንብ ነው፤ ማንም አይገባበትም። የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ገመናዬን አይሸፍኑልኝም?»

«እሸፍንልሃለሁ» አልሁት። «ግን አስቀድመህ አንድ ነገር ንገረኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምን አለ?»

«መቼም ጧፍ አለ።»

«ሌላስ?»

«ዘይት። ከሰል። የብራና መጻሕፍት።»

«ከግድግዳው ማዶስ?»

 ከግድግዳው ማዶ ሕፃናቱ ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ፊደል ይቆጥራሉ። የእርሱም ልጆች በየተራቸው ከዚያው ግንብ ተደግፈው ነው ‹ሀ› ያሉት። ቆዳው ገረጣ፤ የተቃጠለው ፊቱ ላይ ቀይና ነጭ ተዘበራረቀ። እኔም ያን ጊዜ ብቻ ነገሩ በሙሉ ገባኝ፤ ቁልፉ በወገቤ፣ ካርቶኑ በእቅፌ ነበር፤ ልጅቱ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ በገዛ እጄ ከፍቼ ባስገባሁት ነበር።

«የሚሸፈን ገመና አለ፤ የማይሸፈንም አለ» አልሁት። «ራቁቱን ላገኘኸው ሰው ልብስህን ብትጥልበት ይሸፈናል። በእሳት ላይ ልብስህን ብትጥል ግን ልብስህም ይነዳል፣ ገመናውም ይገለጣል። ‹ቤቴ ነው› አልህ፤ እውነትህን ነው። ከጥንት ጀምሮ ግን ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል፤ ከላዩ ሰው ወድቆ የሞተ እንደሆነ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ሰገነቱ የባለቤቱ ነው፤ የሚወድቀው ግን እንግዳው ነው። ይህ ሕግም መከታ ነው፤ ወንድሜ። መከታ ደግሞ ቤት አይነጥቅም።»

ባለ ሰዓቱ ወደ ወንድሙ ልጅ ዞሮ «ግራው ዐይኗ ተስፋ አለው ነው ያልሽኝ?» አላት።

«አሁን የሚያደርጉላትን ያውቃሉ። ከትናንት ጀምሮ ቢያውቁ ይሻል ነበር።»

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አለ። ከእርሱ አፍ የወጣ አልመሰለኝም፤ የሰዓት ድምፅ እንኳ ከዚያ ይበረታል።

የእሳት አደጋ መከላከያ ሰዎች መኪናቸውን ከሩቅ አቁመው፣ ወፍራም ጓንትና የፊት መከለያ አጥልቀው መጡ። አለቃቸው መንገዱን በገመድ ሲያጥር ባለ ሰዓቱ ተነሥቶ፣ ቆቡን አውልቆ ወደ እርሱ ሄደ። ማንም አልላከውም።

«ጌታዬ፣ ሌላም አለ» አለው። «ሁሉን ማውጣት አልቻልሁም። ቤት ውስጥ፣ ከሴት ልጄ አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እኔ እመራችኋለሁ።»

ሙሽራዪቱ ሌሊቱን ሙሉ በላዩ ተኝታበት አድራለች። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር፤ አባቱ ብቻውን ነው የሸሸገው። ልጁ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁ፤ የአጎቱ ልጅም በዚያ ሁሉ ሰዓት ጸንታ የቆየችው አሁን ጋውኗን ዐይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ልጻፍ። የእቴቴ ቀኝ ዐይን ጠፋ፤ ግራው ዳነ። ሐኪሙ የብናኙ ስም ባይነገረው ኖሮ ሁለቱም ይሄዱ እንደ ነበር ነግሮናል። ልጁ ተከሰሰ። ዳኛው፣ አባትና ልጅ ራሳቸው እንዳመለከቱና ቀሪውን እንዳስረከቡ ቈጥረው እስሩን በገደብ አደረጉለት፤ ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የደረሰውን እንዲናገርም አዘዙት። ባለ ሰዓቱ ይጠፋል ብሎ የፈራው ልጅ አልጠፋም። የኮሌጁ ሹማምንትም አቤቱታውን ሰምተው ላቦራቶሪውን ከፈቱ፤ ተማሪዎቹ አሁን በመምህር ፊት፣ መነጽርና ጓንት አድርገው በእጃቸው ይሠራሉ፤ በጓዳ ተደብቆ ካገኘው ይልቅ በዚያ ያገኘው ዕውቀት እንደሚበልጥ ልጁ ራሱ አጫውቶኛል። በሰፈራችንም ወሬው ሲሰማ ከየቤቱ ስም የለሽ ጠርሙስ ወጣ፤ በውሃ ኮዳ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ፣ በስኳር ቆርቆሮ ያለ የአይጥ መርዝ፣ የቀለም ማቅጠኛ በብርጭቆ። ያን ሁሉ ዘመን አብረናቸው ስናድር በፈጣሪ ቸርነት ብቻ እንደ ተረፍን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በየዕቃው፣ በየስሙ፣ ልጅ በማይደርስበት ተቀምጧል። ሰርጉም ተላልፎ ተደረገ፤ ሰማይ ላይ እሳት አልነበረም፤ ሙሽራዪቱም አልፈለገችም።

እቴቴ ከሐኪም ቤት በተመለሰች ቀን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንድ ዐይኗ ታስሯል፤ ቀኝ እጇ ገና አይጨብጥም። እረፊ ብንላት አልሰማችም፤ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ጣደች። ከዚያም ልጁን ጠራችውና የጨው ዕቃውን ከፊቱ አኖረች።

«ቅመስ» አለችው።

ቀመሰ።

«ምንድን ነው?»

«ጨው ነው፤ እቴቴ።»

«የማን ጨው? የመጽሐፍህ ነው የድስቴ?»

«የድስትሽ» አላት።

«እንግዲያስ አንተ ጨምርልኝ» አለችው፤ ክዳኑን በግራ እጇ እያነሣች። «እኔ ከእንግዲህ እፍኜን አላምነውም።»

እርሱም በሦስት ጣቱ ቆነጠረ፤ አባቱ ብሎን ሲያነሣ እንደሚጠነቀቀው ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ድስቱ ውስጥ ጨመረ።